በሯጮች አገር ቀስ ብሎ ስለ መሮጥ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሩጫ ብዙ ተጠንቷል። የውጭ አገር ተመራማሪዎች አርሲ ድረስ ወጥተው የሯጮቹን የዘር ውርስ መርምረዋል፣ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዱ እንደነበር ጠይቀዋል፣ ጤፍ ውስጥ ያለውን ብረት መዝነዋል። ሁሉም ግን ያጠኑት የሚያሸንፈውን ነው። የማያሸንፈው፣ ለማሸነፍም ያልተነሳው፣ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፣ ቢሮ ተቀምጦ የሚውል፣ “ዘንድሮ ማራቶን እሮጣለሁ” ብሎ ባልደረቦቹ ፊት ተናግሮ ማፈግፈጊያ ያጣው ኢትዮጵያዊ እስካሁን አጥኚ አላገኘም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እሱን ነው። ከዚህ በኋላ “ጀማሪው” እየተባለ ይጠራል።

ስለ ጥናቱ ዘዴ በአጭሩ። ምልከታው የተካሄደው በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ፣ በእንጦጦ ዳገትና ከሲኤምሲ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ዳር ሲሆን፣ አጥኚው በአብዛኛው ተቀምጦ ነበር። የናሙናው ብዛት ሆን ተብሎ አልተመዘገበም። አንድ ጀማሪ በመጀመሪያው ዙር ሲያልፍና በአራተኛው ዙር ሲያልፍ የአንድ ሰው ፊት ስለማይኖረው ቆጠራው ያላግባብ ይንራል።

ጀማሪው ማራቶን ለመሮጥ የሚወስነው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ይህ ያለ ታሪካዊ መሠረት አይደለም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ሩጫው ወደ ማታ ተጀምሮ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት ጥንታዊ መንገድ አልፎ፣ ከጨለመ በኋላ አለቀ። እኛም አገር የዓመቱ ችቦ የሚለኮሰው በዚያው ምሽት ነው። አበበ በዋዜማው 42 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ ጀማሪው በማግሥቱ ዶሮውን በልቶ፣ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ አላልቶ፣ ወሰነ።

ከውሳኔው ቀጥሎ የሚመጣው ጫማ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪው የሚያቀርበው ማስረጃ ጠንካራ ስለሆነ በጥንቃቄ መመርመር ይገባዋል። አበበ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያለ ጫማ 2:15:16 ሮጠ። በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ በጫማ 2:12:11 ሮጠ። ልዩነቱ 3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ጫማ 3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ያስገኛል። ሆኖም አበበ ከቶኪዮው ውድድር ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ነበር። መሻሻሉ ከጫማው ይሁን ከትርፍ አንጀቱ መውጣት በእጃችን ባለው መረጃ ለመለየት አልተቻለም። ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ የተጠየቁ ጀማሪዎች ሁሉ ጫማውን መርጠዋል። ቦሌ አካባቢ ባለ መደብር ውስጥ፣ በሶሉ መሐል ካርቦን የገባበት ጫማ ዋጋው ሲነገራቸው ግን ለአፍታ ወደ ትርፍ አንጀቱ ሲያዘነብሉ ታይተዋል። መርካቶ ሰልባጅ ተራ የሚገኘው አማራጭ ርካሽ ነው፤ ችግሩ ጫማው ከቀድሞው ባለቤቱ አረጋገጥ ጋር መምጣቱ ነው። ጀማሪው ስሙን የማያውቀውን የአንድ አውሮፓዊ ሸፋፋ እርምጃ እየተረከበ አያትን ይወጣል።

ልምምዱን የሚመራው ከውጭ የመጣ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ 16 ሳምንት ይፈጃል። ዋና ሕጉ የዚህ ሳምንት ጠቅላላ ርቀት ካለፈው ሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አይብለጥ የሚል ነው። ሒሳቡ ንጹሕ ነው፤ በሳምንት ከ20 ኪሎ ሜትር የተነሳ ሰው በ12 ሳምንት 60 ይገባል። ሰንጠረዡን ያዘጋጁት ሰዎች ግን ለቅሶ አያውቁም። የቅርብ ሰው ሲሞት እስከ ሠልስት ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰርግ ከነመልሱ ሳምንቱን ይበላል። ይባስ ብሎ ሰንጠረዡ ረጅሙን ሩጫ የሚያደርገው እሑድ ጠዋት ነው። እሑድ ጠዋት እኮ ከሰንጠረዡ በፊት የተያዘ ቀን ነው፤ ቅዳሴ አለ፣ ማኅበር አለ፣ የዕድር ስብሰባ አለ። ጀማሪው 26 ኪሎ ሜትር ቢያጎድል ማንም አይቀጣውም። ዕድሩን ቢቀር ግን ቅጣቱ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ሰንጠረዡ ደግሞ ድንኳን አይተክልለትም። በዚህ ምክንያት ሕጉ እኛ አገር የሚሠራው ተሻሽሎ ነው፤ ሰላም በሆነ ሳምንት 10 በመቶ ወደ ላይ፣ ለቅሶ ባለበት ሳምንት 100 በመቶ ወደ ታች።

ስለ አየሩም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ አንድ እስትንፋስ የሚያስገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። እንጦጦ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ደግሞ ይብስበታል። የሌላ አገር አትሌቶች ይህን ስስ አየር ፍለጋ ብዙ ገንዘብ ከፍለው፣ አውሮፕላን ተሳፍረው ይመጣሉ። ጀማሪው በነጻ ያገኘዋል፤ የጎደለውን አንድ አራተኛም አይሱዙዎች በራሳቸው ጭስ ይሞሉለታል። ሰንጠረዡ ላይ የሰፈረው ፍጥነት ግን የባሕር ጠለል ፍጥነት ነው። ጀማሪው ለሳምንታት ራሱን በስንፍና ይከስሳል እንጂ ከፍታውን አይከስስም።

የፍጥነት ነገር ከተነሳ የዚህ ጥናት ዋነኛ ግኝት እዚህ ይቅረብ። ሊቃውንቱ እንደሚስማሙበት፣ ማራቶን የሚዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ርቀት መሮጥ ያለበት እያወራ ሊሮጥ በሚችልበት ዝግታ ነው። ወሬው ምን ያህል ይሁን የሚለውን ግን የወሰነ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ መለኪያው የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል፤ የጠዋት ሰላምታ ነው። ጀማሪው ነጠላቸውን ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ የሰፈር ትልቅ ሰው ሲያገኝ “እንደምን አደሩ፣ እትዬ? ደህና ነዎት? ልጆች ደህና ናቸው? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት?” ማለት አለበት፤ እሳቸውም በየመሐሉ “እግዚአብሔር ይመስገን” ይላሉ፣ መልሰውም ይጠይቁታል። ሙሉውን ሳያቃስት የጨረሰ ጀማሪ ፍጥነቱ ትክክል ነው። “ልጆች” ላይ ትንፋሽ ያጠረው ከልክ በላይ ፈጥኗል። “እንደምን” ላይ የቀረ ወደ ቤቱ ይመለስ። በርግጥ ለትልቅ ሰው እየሮጡ ሰላምታ መስጠት ነውር ስለሆነ ጀማሪው ይቆማል፣ ጎንበስ ይላል። እጁ ላይ ያሰረው ሰዓት ሯጩ በቆመ ቁጥር ራሱ ቆጠራውን የሚያቋርጥበት አሠራር አለው። የሠሩት ሰዎች ያሰቡት የትራፊክ መብራት ይሆናል፤ እዚህ የሚያገለግለው ለእትዬ ነው።

ፍጥነት የሚጨምርበት ቀንም አለ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ጎስታ ሆልመር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ፋርትሌክ የሚባለውን ዘዴ አወጣ፤ ሯጩ በሰዓትና በመም ሳይታሰር፣ እንደ መሬቱና እንደ ስሜቱ አንዴ ይፈተለካል አንዴ ይዘገያል። የአበበ አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም ከስዊድን ነበር የመጣው። አሁን ግን ዘዴውን በአዲስ አበባ የሚያስፈጽሙት የሰፈር ውሾች ናቸው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው የሚያልፍ ጀማሪ የግዛት ወሰን በደረሰ ቁጥር ይፈተለካል፤ ውሾቹ ወሰናቸው ላይ ሲቆሙ እሱም ይዘገያል፤ ቀጣዮቹ ይረከቡታል። ርዝመቱም ሆነ ዕረፍቱ በደንብ የተመጠነ ነው፣ ክፍያም የለውም። ከውሾቹ በኋላ ያለው ፈተና ዘበኛ ነው። በጨለማ የሚሮጥ ሰው ወይ አሳዳጅ ነው ወይ ተሳዳጅ፤ ሦስተኛ ዓይነት በዘበኞች ዘንድ አይታወቅም። በዚህ ሰዓት ጀማሪውን የሚያድነው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ላይ የለበሰው ካናቴራ ነው። ይህ ውድድር ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር የሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሲሆን፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየጨፈሩና እየዘፈኑ፣ አልፎ አልፎም እየሮጡ ያጠናቅቁታል። ለጀማሪው ካናቴራው የይለፍ ወረቀት ነው፤ ዘበኛው ባትሪውን ደረቱ ላይ አብርቶ ያነብና ይለቀዋል።

እስካሁን የተነገረው የሥጋ ፈተና ነው፤ ከዚህ የሚከብደው የሕዝብ ነው። በሌላ አገር አምስት ሰዓት ፈጅቶ ማራቶን የሚጨርስ ሰው ጀግና ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹ ኬክ ይቆርሱለታል። እኛ አገር እያንዳንዱ ሰው ሩጫ ያውቃል። የቀበሌው ጸሐፊ ቀነኒሳ በቀለ በ2019 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 2:01:41 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ እንዳመለጠው ይነግርሃል። ባለሱቁ ትዕግሥት አሰፋ በ2023 እ.ኤ.አ. እዚያው በርሊን የሮጠችው 2:11:53 ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት በ18 ሰከንድ እንደሚፈጥን ቆጥሮ ያሳይሃል። ሁለቱም ሮጠው አያውቁም፤ ማወቅ ግን ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ዳኛ ባለበት ከተማ ጀማሪው በኪሎ ሜትር ሰባት ደቂቃ እየፈጀ፣ በቀን ብርሃን፣ በአስፋልት ዳር ይሮጣል።

ተመልካቹ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ለምን እንደሚሮጥ ነው። ተቀባይነት ያላቸው መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ለማሸነፍ ነው፤ ይህ ጀማሪውን በዓይን በማየት ብቻ ይሰረዛል። ሁለተኛው ሐኪም አዞኝ ነው፤ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለ ሕዝቡ ወዲያው ይረዳል፣ ያዝናል፣ መድኃኒት ያለበት ጠበል እንኳ ይጠቁማል። “ለመጨረስ ብቻ ነው” የሚለው መልስ ግን ከሁለቱም ስለማይገጥም ረዘም ያለ ዝምታ ያስከትላል። ፍጹም ጤነኛ የሆኑ ጀማሪዎች በሦስተኛው ወር ገደማ ኮሌስትሮል እንዳለባቸው መናገር ይጀምራሉ። ነገር ያሳጥራል።

ዘመዶቹ በበኩላቸው የሚያዩት ክሳቱን ነው። “ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?” ይባላል፤ በሳምንት 50 ኪሎ ሜትር ሮጦ የቀነሰውን አራት ኪሎ በአንድ ምሳ ሊመልሱለት ይሞክራሉ። ሚኒባስ ላይ የተንጠለጠሉ ረዳቶች “በርታ ኃይሌ!” ይላሉ፤ የጀማሪው ጀርባ ይቀናል፣ ለመቶ ሜትር ያህል ኃይሌን ይሆናል፣ ከዚያ ሚኒባሱ ይታጠፋል። ሴት ጀማሪ ስትሆን ያው ተመልካች ከምክር ወደ ለከፋ ለመሻገር ጊዜ አይወስድበትም። ብዙ ሴቶች በቡድን የሚሮጡት ለፍጥነት ብለው አይደለም፤ በዚህ ላይ ለማሾፍ የአጥኚው ብዕር እምቢ ብሏል።

ምክር ሰጪዎችን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። አሥር ሺህ ሜትር በቴሌቪዥን እያየ ያደገ ሕዝብ ስለ ሩጫ የጠራ ሥልት አለው፤ መጀመሪያ ላይ አትውጣ፣ ከኋላ ሆነህ እግር ቁጠር፣ ኬንያውያኑ እርስ በርስ ይድከሙ፣ ደወሉ ሲደወል አፈትልከህ ውጣ። ጀማሪው የዚህን ምክር የመጀመሪያ ክፍል ያለ ምንም ጥረት ይፈጽማል። ከኋላ መሆን ላይ እንከን አልተገኘበትም።

አንዳንድ ጊዜ ጀማሪው ከእውነተኞቹ ጋር ይገናኛል። በእንጦጦና በሱሉልታ ጫካ ውስጥ አትሌቶቹ ቀለል ባለ ቀናቸው በባሕር ዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዙ፣ በአንድ መስመር፣ ፊተኛው ያስቀመጠበት ላይ ኋለኛው እግሩን እያስቀመጠ፣ ሆን ብለው በጣም ቀስ ይላሉ። ለነሱ ቀስ ማለትም ሥራ ነው፤ ለነገ የሚቀመጥ ጉልበት አለ። ጀማሪው ይህን አያውቅም። ከኋላ ይጠጋል፣ ይደርስባቸዋል፣ ለሁለት መቶ ሜትር ያህል አብሯቸው ይሮጣል፣ እነሱ ሲያወሩ እሱ ልቡ በጆሮው ሲወጣ ይሰማዋል። ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ የሚናገረው ግን የደረሰባቸውን ነው። ኮንዲሽኑ እንደመጣ ያረጋግጥላታል። “ኮንዲሽን” አትሌቶቹ የሚመጣና የሚሄድ እንግዳ አድርገው የሚያወሩት ነገር ነው፤ ጀማሪው ዘንድ ሲመጣ ያየው የለም። አትሌቶቹ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለጤናው ነው የሚሮጠው፣ ለመለወጥ ከሰው ጋር መሮጥ ግድ ነው ይላሉ። ጀማሪውም ቡድን ያቋቁማል። ቡድኑ የመጀመሪያ ስብሰባውን በቁርስ ያደርጋል፣ ጨጨብሳ ይታዘዛል፣ ዕቁብ ይጀመራል፤ ዕቁቡ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

ባሕር ማዶ ያለው ጀማሪ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ለብቻው ይታይ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ማራቶን ልሮጥ ነው ሲል የሚጠይቀው የለም፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እንደሚያሸንፍ ደምድሟል። በተለይ ዱባይ፣ ማራቶኑን የእኛ ልጆች ዓመት እየቆጠሩ በሚጠራርጉበት ከተማ፣ የአገሩን ማልያ ለብሶ በአራተኛው ሰዓት ላይ የሚያልፍ ሰው ለባንዲራው ሲል መደበቂያ ይፈልጋል።

ወደ ረጅሙ ሩጫ እንግባ፤ ዝግጅት ማለት እሱ ነውና። ሰንጠረዡ ጀማሪውን ከ10 አንስቶ ቀስ በቀስ እስከ 30 ወይም 32 ኪሎ ሜትር ያደርሰዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለውድድሩ ቀን ይቆያል። 42.195 ኪሎ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ለማስረዳት፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ቃሊቲን አልፎ፣ ዱከምን አልፎ፣ ቢሾፍቱ መዳረሻ ላይ ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ የጀማሪው እናት “ታዲያ በመኪና አትሄድም?” ብለዋል፤ ጥናቱ አጥጋቢ መልስ አላገኘላቸውም። ሰውነት በጡንቻና በጉበት ያከማቸው ስኳር በሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ግድም ይመናመናል። ከዚያ በኋላ ያለው ስብ ነው፤ ስብ ሞልቷል፣ ግን ቶሎ አይነድም። ጀማሪው ማደያው ናፍጣ ሞልቶት ቤንዚን እንዳለቀበት ባለመኪና ነው። የመንገዱ ጭካኔ ደግሞ ሌላ ነው፤ ዱከምና የታወቁት ልኳንዳዎቿ የሚመጡት በ37ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ቁርጥ ተንጠልጥሎ፣ አዋዜ ቀርቦ፣ ጀማሪው ነዳጁን ጨርሶ ያልፋል። አላልፍም ያሉም አሉ፤ እነሱ በጥናቱ ውስጥ “ያቋረጡ” ተብለው ተመዝግበዋል፣ ቅሬታ ግን አላቀረቡም።

ለዚህ እጥረት ፈረንጅ በትንሽ ከረጢት የታሸገ ጣፋጭ ማር መሳይ ነገር ፈጥሯል። አንዷ ከረጢት የምታወጣው ዋጋ ለቤተሰብ ምሳ ይበቃል። በሶ ግን አለ፤ የተቆላ ገብስ፣ ተፈጭቶ፣ በውኃ ተበጥብጦ። ፊደል የቆጠረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አበበ ምን እንደበላ ገና በልጅነቱ ስለተማረ በዚህ ላይ ተጨማሪ ምርምር አላስፈለገም። ጾሙም ቢሆን እንደሚፈራው አይደለም። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከ16ቱ ሳምንት ግማሹን ሊይዝ ይችላል፤ ነገር ግን ሽሮ፣ ምስርና እንጀራ የሯጭ ምግብ ነው። የሚያስቸግረው ምግቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው፤ እስከ ቀትር የሚጾም ሰው 28 ኪሎ ሜትር ጠዋት ጨርሶ ቡና እንኳ ሳይቀምስ የግድግዳ ሰዓት ሲያይ ሰዓቱ ከሱ የባሰ ቀርፋፋ ሆኖ ይታየዋል። በረመዳን ደግሞ ጀማሪው ሩጫውን ከአፍጥር በፊት ባለችው ሰዓት ይጨምቀዋል፤ እንደሱ ያለ የመጨረሻ ዙር ፍጥነት በሌላ ወር አልታየም።

የርቀቱ ጭራ የእንግሊዞች ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው የአቴና ኦሊምፒክ ማራቶን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ1908 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ መነሻው የዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ መድረሻው ስታዲየም ውስጥ ከንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት ለፊት ሆነና ርቀቱ 42.195 ወጣ፤ በ1921 እ.ኤ.አ. ሕግ ሆነ። 40ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የጀማሪው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ታይቷል። ጸሎት ነው ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ ቀርበው የሰሙ ግን የዊንዘር ስም እየተነሳ እንደነበር መስክረዋል።

ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ርቀቱ ይቀነሳል፣ እግር ይታደሳል። ቤተሰቡ ተወው ብሎ ደስ ይለዋል። ጉልበቱ ያላመመውን ሕመም ሁሉ የሚያመው በዚህ ጊዜ ነው።

የውድድሩ ቀን እንደሁሉም ቀን ያልፋል። አሸናፊው ባንዲራ ለብሶ ቃለ ምልልስ ሲሰጥ ጀማሪው ገና ግማሹን አልደረሰም። ቫዝሊን ያልተቀባበት ቦታ ሁሉ ይታወሳል። ዞሮ ዞሮ ይደርሳል፤ አብዛኛው ይደርሳል። ከዚያ ስልክ ይደወልለታል፤ አጎት፣ ጎረቤት፣ የዕድሩ ሰብሳቢ፣ ሁሉም አንድ ጥያቄ ነው ያላቸው። “ስንተኛ ወጣህ?” ጀማሪዎች ለዚህ በየፊናቸው መልስ አዘጋጅተዋል። አንዱ “ብዙ ሰው ነበረ” ይላል። አንዱ “ከሰፈራችን አንደኛ” ይላል፤ ከሰፈሩ የሮጠ ሌላ ሰው ስለሌለ ሐሰት አይባልም። እውነተኛውን ቁጥር፣ ባለ አራት አሐዙን፣ የተናገረ አንድ ጀማሪ ስልኩ ላይ “አይዞህ፣ ዋናው ጤና ነው” የሚል መልስ ሰምቷል።

ሜዳሊያው ለጨረሰ ሁሉ የሚሰጥ ነው፤ ይህን ግን ከሯጮች በቀር ብዙ ሰው አያውቅም። እናት ሳሎን ውስጥ ከምርቃት ፎቶው ጎን ሰቅለውታል። እንግዳ በገባ ቁጥር ቀና ብሎ አይቶ “ወርቅ ነው?” ይላል። እናት ቡና እየቀዱ “የማራቶን ነው” ይላሉ። “ውይ! ከእነ ታምራት ቶላ ቀጥሎ ማለት ነዋ!” ይላል እንግዳው። እናት አያስተባብሉም፤ ቀጥሎ መሆኑስ ቀጥሎ ነው።